ነጩ ነገር

በምሠራበት የካዚኖ ኩሽና የወይራ ዘይት ሲሸተኝ እጄ ሥራ ይፈታል።

ነገሩ የሆነው በኮሮናው ጊዜ ነው። ካንሰር የያዘውን ታናሽ ወንድሜን ደረቱ ላይ የሚወጋው የኬሞ መርፌ እንዳያመው፣ እማዬ ደረቱን ማደንዘዣ ክሬም ቀብታው ሺፍት ገባች። ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ስንደርስ አያታችን መኪናው ውስጥ ጸለዩለት። ዓይኔን ጨፍኜ አሜን ስል የጸሎት የወይራ ዘይታቸው ሸተተኝ። «በኢየሱስ ስም አያምህም፣ የኔ ጌታ» አሉት።

የሚያስገቡት አንድ ሰው ብቻ ስለነበር አባዬ ይዞት ገባ። ወንድሜ እኛን ካላየሁ ስላለ አባዬ በቪዲዮ ደወለልን። መርፌው ሲገባ ጩኸቱ መኪናውን ሞላው።

አያቴ የነጠላቸውን ጫፍ አሳዩኝ። «ደረቱን ዘይት ልቀባው ስል ይሄን ነጭ ነገር ጠረግኩለት። ምንድን ነበር ልጄ?»

ከቀበርነው በኋላም ይጠይቁኛል።

«ሎሽን ነው፣ እማማ» እላቸዋለሁ።