የታፈነ እንጆሪ

ወርቅነሽን ጋምቤላ ገበያ ውስጥ የማያውቃት የለም። ማንጎና ሙዝ ትሸጣለች፤ ጥሬ ሙዝ በማፈን የሚስተካከላት አላየሁም። በኬሻ ጠቅልላ፣ ጥግ አስገብታ ታሳድረዋለች፤ ሲወጣ ማር ነው። ሴትዮዋ ችግሯ፣ አንድ የምታውቀው ዘዴ ለሁሉም የሚሠራ ይመስላታል።

አብሮ አደጓ ሲፈን ከምትኖርበት ከሩቁ መቲ እንጆሪ ላከችላት። የሲፈን ባል የእንጆሪውን ቁጥቋጦ መንጥሮ ቡና ሊተክልበት ቆርጦ ተነስቷል። እሷ ግን ቁጥቋጦዋን ትወደዋለች፤ ወርቅነሽ ፍሬ የምታቀርብለት አንድ የጋምቤላ ሆቴል እንጆሪዋን ከተቀበላት እንዳይነካው አስምላዋለች። ስለዚህ ተስፋዋ ሁሉ በላከችው ካርቶን ላይ ነበር። ካርቶኑ ዝርግ፣ ጎንና ጎኑ የተበሳሳ፣ ኮባ የተነጠፈበት ነው፤ እንጆሪው ሳይደራረብ ተደርድሯል። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ እንኳ እንዳማረበት ማታ ደረሰ።

ወርቅነሽ ቀዳዳውን አይታ አዘነች። "ውይ ሲፈኔ፣ ደህና ዕቃ እንኳ አጥታ!" አለች። አቧራ እንዳይገባበት ብላ እንጆሪውን አጠበችና ክዳን ባለው የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ገለበጠችው። ግጥም አድርጋ ከደነችው፤ እንደ ሙዟም በኬሻ ጠቀለለችው። በጋምቤላ ሙቀት! ያውም አጥባ! እኔ ጎረቤቷ ያኔ እዚያ ብኖር ኖሮ እጇን እይዝ ነበር እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን እንጆሪ እንደማይታፈን እኔም ያወቅሁት ያ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ጠዋት የሆቴሉ ወጥ ቤት ኃላፊ አጅዋንግ ክዳኑን ስትከፍተው ጠላ ጠላ ሸተተ። የታችኛው ቀልጧል፤ የላይኛውም ላብ አጥምቆት ላልቷል።

"ወርቅነሽ፣ የመቲ እንጆሪ መንገድ አይችልም ማለት ነው" አለች አጅዋንግ፣ ሳትቆጣ።

መንገዱንማ ችሎ ነበር። ወርቅነሽ ግን ይህን ሳትናገር ባልዲውን አንስታ ወጣች። ለሲፈን ስትደውልም "ተበላሽቷል ብለው አልተቀበሉትም" ብቻ ብላ ዘጋች።

ያን ቀን "በእኔ ተማምና ላከች፣ እኔ አበላሽቼባት እሷን አሳማሁ" እያለች ከራሷ ጋር ስትጣላ ዋለች። ደንበኛ ሲጠራት እንኳ አትሰማም ነበር።

በማግስቱ እውነቱን ልትናገር ደወለች። ሲፈን ቀደመቻት።

"ወርቅዬ፣ ይቅር በይኝ፤ ሰው ፊት አሳፈርኩሽ። ምን አድርጌ እንዳበላሸሁት አላውቅም። ባሌ ከሚመነጥረው ብዬ ዛሬ ጠዋት ቁጥቋጦውን ራሴ ነቀልኩት።"

"አንቺ አይደለሽም ሲፈኔ። ደህና ነው የደረሰው። እኔ ነኝ በባልዲ አፍኜ የገደልኩት።"

 

"ትናንት ልትነግሪኝ አትችዪም ነበር?" አለች ሲፈን።