አሸዋ የለመደችው ድመት

ሸዋ ሮቢት የገባሁት ተድሬ ነው። የተወለድኩት ጀውሃ ነው፤ ባሌ ከእናቱ ጋር ወደሚኖርበት ግቢ ይዞኝ መጣ። አማቴ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ግቢውን አልጋ ቤት አድርገው ልጃቸውን ያሳደጉ ብርቱ ሴት ነበሩ። ዘመኑ የደርግ ነው። እንግዶቻችን አሰብ ደርሰው የሚመለሱ የከባድ መኪና ሹፌሮች ነበሩ። የቆላው ሙቀት አድክሟቸው ይመጣሉ፤ የሚፈልጉት ቀዝቃዛ ውሃና ንጹሕ አንሶላ ብቻ ነው። አማቴም በመንገዱ ሁሉ የሚታወቁት በአንሶላቸው ነበር።

ከእናቴ ቤት አንዲት ግራጫ ድመት ይዤ መጥቼ ነበር። አማቴ በደስታ ተቀበሏት፤ ጓዳ ያለውን ማሽላና ማሾ አይጥ አስቸግሯቸው ነበርና። ብዙም ሳትቆይ የአይጡ ኮሽታ ጠፋ። አንድ ቀን እንዲያውም ከእንጨት ክምሩ ሥር የወጣ እባብ ገድላ ተገኘች። አማቴ ይህን ለጎረቤት ሁሉ ሲያወሩ ከረሙ።

ክረምቱ እንዳለፈ ግን ድመቷ ጠባይዋ ተለወጠ። መጀመሪያ ጓዳ ውስጥ ጆንያ ላይ ሸናች። ከዚያ አልጋ ሥር ኩሷን ማግኘት ጀመርን። በመጨረሻ የአንድ ደንበኛችንን ብርድ ልብስ አበላሸች። ሰውዬው ለዓመታት ሌላ ቤት አርፎ የማያውቅ፣ ጠና ያለ ሹፌር ነበር።

«እትዬ፣» አላቸው አማቴን ረጋ ብሎ፣ «መኪናዬ ውስጥ መተኛት አቅቶኝ አይደለም እዚህ የማርፈው። ንጽሕናዎን ብዬ ነው።»

ቢጮህ ይሻል ነበር። ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው አልጋ ቤት ተሻገረ። አማቴ እስኪገባ ድረስ በዓይናቸው ሸኙትና ወደ ባሌ ዞሩ።

«ነገ ወደ አጣዬ የሚሄድ መኪና ፈልግ። በጆንያ አድርገህ ላካት፤ ገበያው ውስጥ ይልቀቋት።»

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ቤት ከተጠየቅሁት በላይ ተናግሬ አላውቅም።

«እማማ፣» አልኩ፣ «ያመጣኋት እኔ ነኝ። እስከ እሑድ ይታገሱኝ። ካልተወች እኔው ራሴ ወደ ጀውሃ እመልሳታለሁ።»

«ድመት ይመከራል እንዴ?»

«አልመክራትም። ምን እንደሆነች ልያት ብዬ ነው።»

ራሳቸውን እየነቀነቁ ብርድ ልብሱን ሊያጥቡ ሄዱ። እኔም በማግስቱ ሥራዬን እየሠራሁ በዓይኔ እከተላት ጀመር። ጠዋት ከጓሮ ወዳለው የፓፓያ ዛፍ ሄደች። መሬቱን በጥፍሯ ጫረች፤ ዞራ ደግሞ ጫረች። ከዚያ እያለቀሰች ወደ ቤት ተመለሰች። መሬቱ ድንጋይ ነበር። ለካ ነገሩ ይኸው ኖሯል። ክረምቱ ሲወጣ ቀበሌው ግቢያችሁን አጽዱ፣ መጸዳጃ ቆፍሩ ብሎ ባዘዘ ጊዜ ባሌ ጓሮውን በድንጋይና በሲሚንቶ ለብጦት ነበር። ያየ ሁሉ አመስግኖናል። ለሰው ጉድጓድ ስንቆፍር፣ የእሷን አፈር ግን ነሥተናታል።

ሌላም ነገር አየሁ። ድመቷ ያበላሸችውን ቦታ አማቴ የሚያጥቡት በበረኪና ነበር፤ እሷም ተመልሳ የምትሸናው በረኪና የነካው ላይ ነው። ሽታው ይስባት ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ። እጥበቱን ከእጃቸው ተቀበልኩና በሙቅ ውሃና በሳሙና ፈትጌ ሎሚ ጨመቅሁበት። ፍራሹን አውጥቼ ለቆላው ፀሐይ ሰጠሁት።

ከዚያ ቂጡ የተበሳ ሳፋ ፈልጌ፣ አሸዋ ላመጣ ወደ ሮቢ ወንዝ ወረድኩ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አዩኝ።

«ሙሽሪት፣ ቤት ልትሠሩ ነው?» አለች አንዷ።

«ለድመቷ ነው፤ የምትጸዳዳበት።»

ሳቃቸው እስከ ዳገቱ ተከተለኝ። ማታውን ወሬው ሰፈር ገብቶ፣ በማግስቱ ገበያ ስወጣ «ለድመት ሽንት ቤት የሠራችው» እየተባልኩ ነበር። ፊቴ ቢቀላም አልተመለስኩም።

ሳፋውን ኩሽናው ደጃፍ አኖርኩት። ድመቷ ገብታ ተጠቅልላ ተኛችበት።

«ይኸው፣ አልጋ አገኘች፣» አሉ አማቴ።

ሰው የሚበዛበት ቦታ እንደማይሆን ያን ጊዜ ገባኝ። ሳፋውን ከጓዳው ጀርባ ወደ ጥላው ወሰድኩትና አልጋ ሥር ካገኘሁት ኩስ ጥቂት አሸዋው ላይ አደረግሁ፤ ሽታውን አውቃ እንድትመጣ ብዬ። ከምሳ በኋላ ስትሄድ አየኋት። አሸተተች፣ ቆፈረች፣ ቁጢጥ አለች። ስትጨርስ ደግሞ በጥንቃቄ አለበሰችው። ባሌን በእጄ ጠራሁት። ሁለታችን ከበሩ ጀርባ ቆመን፣ እሱ አፉን በመዳፉ ይዞ ሲስቅ፣ የእኔን ዓይን ግን ደስታው በእንባ ሞላው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አማቴ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ገቡባቸው። አልጋ ሥር አጎነበሱ፤ ብርድ ልብሱን እያነሡ አሸተቱ። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ወጥተው ነጠላቸውን አጣጠፉ።

«አሸዋው ሲያልቅ ባልሽን ላኪው፣» አሉኝ፤ «አንቺ አትሸከሚ።»

አንድያ ልጃቸውን የድመት አሸዋ ተሸካሚ ሲያደርጉልኝ፣ በጥሎሼ ያልተሰማኝ ኩራት ተሰማኝ።

ሹፌሩ ከአሰብ ሲመለስ አማቴ ራሳቸው መንገድ ወጥተው ጠሩት። ወደ ጓዳው ጀርባ ወስደው ሳፋውን አሳዩት።

«የራሷ ቦታ አላት አሁን፣» አሉት። «ምራቴ ናት ያስለመደቻት። ድመት አይመከርም ስላት እሷ አስተምራ አሳየችኝ።»

ሰውዬው ሳፋውን አየ፣ እኔን አየ፤ ሻንጣውን አስገባ። ድመቷ ስትወልድም ከግልገሎቹ አንዱን ካራቆሬ ላለች እህቱ ለምኖ ወሰደ። ወንዝ ላይ ከሳቁብኝ ሴቶች ሁለቱ ደጃችን መጥተው ግልገል ጠየቁ። አማቴ ሲሰጡ «መጀመሪያ አሸዋ አዘጋጁ፤ የቀረውን ከእሷ ጠይቁ» እያሉ ወደ እኔ ያመለክቱ ነበር። ዓመቱ ሳይዞር የክፍሎቹን ቁልፍ ከመቀነታቸው ፈትተው በእኔ መቀነት ላይ አሰሩት።