ከሁላችንም በላይ የምታነበው ልጅ

«ልጄን በእንግሊዝኛ ለሰው ዓይን ሰጠሽብኝ» አሉኝ የተማሪዬ እናት፣ የማስተምርበት ክፍል በር ላይ ቆመው። የቄስ ሚስት ናቸው። አልጮኹም፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳይመጣልኝ ሰቆጣ ቁጭ ብዬ ነበር። ክረምት ላይ አንድ ሰውዬ በተከራየው ክፍል ለልጆች እንግሊዝኛ እንዳስተምር ወሰደኝ። ልጆቹ አፋቸውን ከፈቱ ዓመቱን ሙሉ ያስቀጥለኛል፤ ካልሆነ ቻው።

መጽሐፉ ማን ከማን የተሻለ መዋኘት ይችላል ይላል። እኛ ጋ ማን ይዋኛል? ልጆቹን ራሳቸውን እያስነሳሁ አወዳደርኳቸው፤ ማን ከማን ፈጥኖ ይሮጣል፣ ማን ከማን አብልጦ ይዘላል። ሰፈሩ እስኪሰማ ይጮኻሉ። ቤቷ በአገዎቹ ቋንቋ በኽምጣኛ ብቻ የምታወራ አንዲት የቄስ ልጅ ነበረች፤ በንባብ የሚደርስባት የለም፣ ለሰውዬውም ጎበዝ ናት ብዬ ነግሬዋለሁ። አንድ ቀን ክፍሉን በሙሉ «ከሁላችንም በላይ ማንበብ ትችላለች» አስባልኩ፣ በእንግሊዝኛ፣ ደጋግሜ። ልጅቷ ቤቷ ገብታ ትርጉሙን በኩራት ተናገረች። በማግስቱ ትኩሳት ያዛት።

እኛ ጋ ልጅ በሰው ፊት አይመሰገንም። አውቃለሁ እኮ። ጎረቤት «ጎበዝ ልጅ» ሲለኝ እናቴ «ምኗ ጎበዝ፣ ደደብ ናት» እያለች ነው ያሳደገችኝ። በእንግሊዝኛ ሲሆን የማይቆጠር መስሎኝ ነው። ብርድ መቷት ይሆናል፣ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት ብዬ እናትየውን ለማስረዳት ሞከርኩ። «ጤና ጣቢያውንም ጠበሉንም እኔ አውቃለሁ። አንቺ አፍሽን ሰብስቢ» ብለውኝ ሄዱ።

ልጅቷ ድና ስትመጣ ሰውዬው ሊገመግመኝ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ማን ይነሳል ስል ሁሉም አቀርቅሮ ዴስኩን ያያል። ወሬው ቤት ለቤት ደርሷል። ሲጨንቀኝ እሷን አስነሳሁና አንብቢ አልኳት። እንደ ውኃ ታወርደው የነበረውን ገጽ እየተንተባተበች፣ ቃል እየዘለለች አነበበችው። ሆን ብላ እንደሆነ ዓይኗን ሳይ ገባኝ። ታዲያ ከሁላችሁ የተሻለ ማንበብ የሚችለው ማነው ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅኳት።

«ሁሉም ከእኔ የተሻለ ማንበብ ይችላሉ» አለች፤ እሷም በእንግሊዝኛ፣ አንድ ቃል ሳትስት፣ ጥርት አድርጋ።

እንግሊዝኛ የማይሰማው ሰውዬ ንባቧን ብቻ ይዞ «ይቺ ናት ጎበዝ ያልሽኝ?» አለኝ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። በመስኮቱ አየሁ፤ እናቷ ግቢው ውስጥ ቆመው ይጠብቃሉ። ልጅቷ ገና አልተቀመጠችም።

«አይደለችም» አልኩት።

«እንግዲያው ስታስተምሪ የከረምሽው ምንድነው?»

ጠመኔውን ዴስኩ ላይ አስቀምጬ፣ ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።