ካላስቆሙት የማይቆም ሰላምታ

ልጆቹ «ያን የኮምፒዩተሩን ነገር ይንገሩን» እያሉ ስለጨቀጨቁኝ ነው እንጂ፣ እኔ ስለ ኮምፒዩተር ምን አውቄ! ፊደል እንኳ የለየሁት ልጆቼ ደብተር ላይ አብሬ እያየሁ ነው። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ግን ያየሁትን አይቻለሁ።

ነገሩ የትልቋ የልጅ ልጄ ነው። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ አጥታ እኔ ዘንድ ተቀምጣ ነበር። ሐረር ጁገል ግንብ ውስጥ የድሮ ቤቷን ለእንግዳ የምታከራይ አንዲት የሐረሪ ሴት፣ «እንግዳ በስልኩ ከፍቶ የሚያየው ገጽ ሥሪልኝ፤ ካማረኝ ሥራው ያንቺ ነው» አለቻት። ካላማራትስ? ልጅት ድሬዳዋ አክስቷ ሱቅ ልትገባ ነው። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ ከእሷ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

ሴትየዋ ከሰዓት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ እመጣለሁ ብላለች። ምሳችንን አነሳንና ልጅት «እማዬ፣ ልሞክርብዎት» አለችኝ። እንግዳው ቋንቋውን ሲመርጥ ገጹ በዚያው ቋንቋ ሰላም ይለዋል። የምትጽፍበት ነገር ፒኤችፒ ይባላል አለች። ትእዛዙ ያለው እንግዳው ስልክ ላይ ሳይሆን፣ ሩቅ አገር ሰርቨር የሚሉት ማሽን ላይ ነው። ጥያቄው እዚያ ይሄዳል፤ መልሱ ይመጣል።

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ዓይንዎን እስኪጨፍኑ አይቆይም!»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ከሶፊ ገጠር እዚህ ለመድረስ እንኳ ሰው ጎህ ሲቀድ ነው የሚነሳው።

«እዚያ ያለው ስዊች ይባላል» አለች። «የመጣውን ያይና ከጻፍኩለት ውስጥ የሚገጥመውን ይፈልጋል። ሐረሪ ከሆነ ይህን በል፣ ኦሮምኛ ከሆነ ይህን፣ ሶማልኛ ከሆነ ይህን። ከነዚህ ውጭ ከሆነ በአማርኛ በል።»

አማርኛውን ነካች። «እንኳን ደህና መጡ» አለ፣ ብቻውን። ሲያምር! ጠዋትም ስትሞክር የነበረው ይህንኑ ብቻ ነው።

«እስቲ ሐረሪውን» አልኳት።

ነክታ አነበበችልኝ። «አማን» ይላል፤ ይቀጥልና የኦሮምኛውን «አካም»፤ ከዚያ የሶማልኛውን «ነበድ»፤ መጨረሻ ላይ «እንኳን ደህና መጡ»። እኔ ደስ ብሎኝ ሳለ የልጅት ፊት ዐመድ መሰለ።

«ምነው? ወግ ያለው ሰላምታ ነው እኮ። ኤረር በር ገበያ ቅመም ስሸጥ እኔስ እንዲህ አልነበር ሰው የምቀበለው?»

«አንዱን ብቻ ነው ማለት ያለበት፣ እማዬ! ያበደ ነው የሚመስለው!»

«እኔ አብጄ ነበር በይኛ።»

ሳትወድ ሳቀች።

«እኔማ» አልኳት፣ «አንዱን ብዬ ፊቱን አያለሁ። ከበራ እዚያው አቆማለሁ፤ ካልበራ ወደሚቀጥለው። ያንቺ ማሽን ፊት አያይ፤ መቼ እንደሚያቆም በምን ያውቃል?»

ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ብሬክ! ብሬክ አላልኩትም!»

ለካስ ማሽኑ የሚገጥመውን ካገኘ በኋላ፣ «ብሬክ» ብለው አቁም ካላሉት ከሥር ያለውን ሁሉ ምንም ሳይጠይቅ እያለ ይወርዳል። አማርኛው መጨረሻ ላይ ስለተጻፈ ከሱ በታች የሚወርድበት የለም፤ ደህና የመሰላትም ለዚህ ነው። በየሰላምታው ሥር ያቺን አንድ ቃል ጻፈችና ሐረሪውን እንደገና ነካች። «አማን» አለ። ዝም አለ።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሳስበው ይገርመኛል። ያን ሁሉ አገር በቅጽበት አቋርጦ የሚመለስ ፍጥረት፣ «በቃ» የምትለዋን ግን ከሰው ካልሰማ አያውቃትም። እንዲህ ያለ ታዛዥ አይቼም ሰምቼም አላውቅ። ፈራሁትም፣ አሳዘነኝም።

ሴትየዋ «አሰላሙ አለይኩም» ብላ ገባች። ልጅት ስልኩን እንደያዘች፣ ለእኔ ስትነግር የዋለችውን ነገረቻት፤ ማሽኑ ሩቅ እንዳለ፣ ፊት እንደማያይ፣ ማቆሚያውን እንዴት እንደጻፈችለት። ሴትየዋ ትንፋሿን ውጣ ሰማች። «ማሻአላህ!» አለች። «ነገ ነይና ጀምሪ።»

እኔ ገጹ አምሯት ነው ብዬ ኖርኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሴትየዋ ራሷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ነገረችኝ። ከልጅቷ በፊት ሁለት ወጣቶች በጣም የሚያምር ገጽ ሠርተውላት ነበር።

«ሁለቱም ስልኩን እጄ ላይ አስቀምጠው ‹ያንብቡት› አሉኝ» አለች። «እኔ ደግሞ ማንበብ አልችልም፣ እማማ።»