ነጩን ልብስ ስንሰበስብ

ያለፈው እሑድ በስልኬ ቅዳሴ እያዳመጥሁ የአሠሪዎቼን ልብስ ስተኩስ የጎረቤታችን የእትዬ ጫልቱ ልጅ ከመቱ ከተማ ደወለችልኝ፤ አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በከተማው ላይ ካለፈ ወዲህ እናቴ በሯን ከውስጥ ቀርቅራ ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንኳ መተዋን ነገረችኝ። እኔ ያለሁት ቤይሩት፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ያለ ፈቃድ በማልወጣበት ቤት ነው። የተኮስሁትን ነጭ አንሶላ እንዳቀፍሁ የልጅነቴ ግቢ መጣብኝ።

እናቴ ከሰሜን ወሎ በሰፈራ የመጣች ናት። እዚያ፣ በደርግ ዘመን ጦርነት ጊዜ፣ ገበያ መሀል ቦምብ ሲወርድ አይታለችና፣ መቱ ውስጥ ሰላም ሆኖ ሳለ እንኳ የአውሮፕላን ድምፅ ስትሰማ «ነጩን! ነጩን!» ትለን ነበር፤ ነጭ ነገር ከሰማይ ይታያል ብላ። እኛም ነጠላውን፣ አንሶላውን፣ የአባቴን ጋቢ ከገመድ ላይ እየነጠቅን እንገባና፣ በሩ ተዘግቶብን፣ ያልደረቀ ጥጥ እየሸተተን ትንፋሻችንን ውጠን እንቀመጣለን። ጎረቤታችን እትዬ ጫልቱ በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው «ያ ዋቅ! ዛሬም ሳይዘንብ አስገባችሁት?» እያሉ ይስቁብን ነበር።

ወንድሜ ጌታቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አየር ኃይል ገብቶ መሣሪያ ጫኝ ቴክኒሺያን ሆኖ ለፈቃድ የመጣ ጊዜ፣ ሰፈሩ ግቢያችንን ሞላው። እሱም እጆቹን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ስለ ባለ ሁለት ሞተሩ ከባድ ተዋጊ ጄት አወራ፤ ከድምፅ ከእጥፍ በላይ እንደሚፈጥን፣ አንዱ ሞተር ቢጠፋ በሌላው እንደሚመለስ፣ አብራሪው በዓይኑ ያላየውን በራዳር አይቶ ከሩቅ በሚሳይል እንደሚመታ።

እትዬ ጫልቱ «ይህን ሁሉ የምትጭን ልጅ፣ ለእናትህ አንድ ጃንጥላ ጭነህ መምጣት አቃተህ?» ብለው ግቢውን አሳቁት። እናቴ ብቻ አልሳቀችም።

«ነጩን ብንሰበስብስ ያየናል?»

«እማዬ፣ ይኼ እኮ በጨለማም በደመናም ያያል! ደግሞ ምን ያስፈራሻል? የራሳችን ነው።»

«ያኔ ገበያው ላይስ የማን ነበር?»

ጌታቸው የዘረጋቸውን እጆቹን ቀስ ብሎ አወረደ። ምስኪን፣ ሊያኮራት ነበር የፈለገው።

ከዚያ ወዲያ እናቴ ልብሱን ተወችው፤ የምትሰበስበው እኛን ብቻ ሆነ። በሩን ቀርቅራ፣ ጀርባዋን አስደግፋበት ትጸልያለች፤ ድምፁ ከራቀ በኋላም ቶሎ አትከፍትም። ልብስ ልናነሳ ስንራወጥ ቢያንስ እጃችን የሚሠራው ነበረው፤ እንሳሳቅም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የቀረን መጠበቅ ብቻ ነው።

ወንድሜ የለም። እኔም ብደውል እናቴ ስልኩን አታነሳም። እትዬ ጫልቱ፣ ያን ቀን ግቢያችን ቆማችሁ አብራችሁ የሳቃችሁና አብራችሁ ዝም ያላችሁ የሰፈሬ ሰዎች፣ በእመቤታችን ስም እለምናችኋለሁ፦ «ውጪ» እያላችሁ በሩን አትደብድቡባት፤ ስለ አውሮፕላንም አንዳች አታስረዷት። ስማችሁን ጠርታችሁ አንኳኩ፤ ከከፈተችላችሁ ግቡና መልሳችሁ ቀርቅሩት፣ አጠገቧም ተቀመጡ። ራሷ እስክትነሳ ድረስ።