ጥጥ መንደፊያ አይደለም

እትዬ የትነበርሽ ዴልፍስሃቨን በሚባል የፈረንጅ አገር ሰፈር ውስጥ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ከልጃቸው ከሰገነት ጋር የሚኖሩ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም ሴት ነበሩ። ሥራቸው ጎረቤት ከተማ ቭላርዲንገን አንድ የስፖርት አዳራሽ ማጽዳት ነው። ከአዳራሹ ጀርባ ሣሩ ላይ በእንግሊዞች የድሮ ረጅም ደጋን ፍላጻ መወርወር የሚያስተምር ክበብ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ1986 ጸደይ ላይ እትዬ መስኮት ሲወለውሉ አዩትና ወጥተው ተመዘገቡ። ልጅ ሳሉ ጥጥ የነደፉት በደጋን ስለሆነ ሙያው ግማሹ በእጃቸው ያለ መስሏቸው ነበር።

አስተማሪው ሜኔር፣ ማለትም አቶ፣ ዊለም የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። የእትዬን ስም ለመጥራት ምላሳቸው አልዞር ስላለ "ሜቭራው የት"፣ ወይዘሮ የት ይሏቸዋል። እትዬም በተጠሩ ቁጥር "እዚህ ነኝ" ብለው ለብቻቸው ይስቃሉ።

ዊለም እንደሚሉት የጥንቶቹ እንግሊዞች ልጃቸውን በቀላል ደጋን ያስጀምሩና በዕድሜው ልክ እያከበዱለት ይሄዳሉ። ጅማቱ የሚሳበው በክንድ ሳይሆን በጀርባ ነው። እትዬ ስንት ዓመት ወለል የወለወሉ ሰው ናቸውና ለጀርባው አልተቸገሩም። ያስቸገራቸው ጣታቸው ነው። ጥጥ ነዳፊ ጅማቱን ባዶውን ስቦ ይለቃል፣ ሥራው ይኸው ነው። እዚህ ግን ከዚህ የከፋ ኃጢአት የለም፤ ፍላጻው ይዞት መሄድ የነበረበት ኃይል ወደ እንጨቱ ተመልሶ ይሰብረዋል። እትዬ ደጋን በጨበጡ ቁጥር ሳያስቡት ድው ያደርጉታል፣ ዊለም ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

"ምን ላድርግ አሳምነው፣" አሉኝ አንድ ቀን ደረጃው ላይ፣ "ጣቴ ጥጥ ያየ ይመስለዋል።"

ለእትዬ ቁመት የሚሆን ደጋን በክበቡ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። ዊለም ለሟች ባለቤታቸው በእጃቸው የሠሩት ነው። አሁን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቢሰበር ሌላ አይሠሩም። እትዬም ይህን ያውቃሉ፣ ነገሩም እንቅልፍ ይነሳቸው ነበር። ስለዚህ መወልወያው እንጨት ላይ ገመድ አስረው ቤታቸው ውስጥ መሳብና ሳይለቁ ቀስ ብሎ መመለስ ተለማመዱ። እኔ ደግሞ ባገኘኋቸው ቁጥር ከጥጡ የሚሠራው ጋቢ መቼ እንደሚደርስ በቀልድ እጠይቃቸዋለሁ።

መስከረም ላይ ክበቡ እንግዳ ጠራ። ከዞተርሜርና ከዘሄግ የመጣው ሐበሻ ሣሩ ዳር ተሰለፈ። የእትዬ ተራ ደረሰ። ትከሻቸውን ዝቅ፣ ደረታቸውን ከፈት አድርገው ጅማቱን እስከ ጆሯቸው ሳቡት። ልክ በዚያች ቅጽበት ፍላጻው ከጅማቱ ሾልኮ ሣሩ ላይ ወደቀ።

እትዬ የተወጠረ ባዶ ደጋን ይዘው ቀሩ። የዊለም ፊት አመድ መሰለ። ነገሩ ያልገባት ሰገነት በዚህች መከራ ላይ ደርባ "ማማ፣ ልቀቂው በቃ፣ ላት ሎስ" ብላ በሁለቱም ቋንቋ ነገረቻቸው። እኛ እንግዶቹም ያን ጊዜ እንደሷ ነበር ያሰብነው።

እትዬ አልለቀቁም። ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ጅማቱን ቀስ በቀስ ወደ ቦታው መለሱት። ከእኛ በኩል ያጨበጨበ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር እኔ አፍሬላቸው ነበር።

ዊለም መጥተው እንጨቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፋቸው ዳሰሱት። መሐል ላይ አንዲት የቆየች ስንጥቅ አለች። ጣታቸውን እሷ ላይ አሳርፈው አለቀሱ።

"ይህችን ያመጣችው ባለቤቴ ናት" አሉ። "እሷ ባዶውን ለቅቃው ነበር። እርስዎ አልለቀቁትም። ዛሬ ቤትዎ ይዘውት ይሂዱ።"

እትዬ ደጋኑን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። እኔም ልቤ ስለተነካ ያንን ለመደበቅ ደጋኑን ከእሳቸው ተቀብዬ "እንግዲህ ጋቢው አለቀ ማለት ነው" ብዬ ጅማቱን ሳብ አደረግሁ። እትዬ እጄን ከነጅማቱ ጭምቅ አድርገው ያዙት።

"አሳምነው፣" አሉ፣ ጣቴን ቀስ ብለው ወደ ቦታው እየመለሱ፣ "ይሄ ጥጥ መንደፊያ አይደለም።"