መርዶ ወደ ፕሪንስዳል

ሐሙስ ዕለት፣ እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ... አንዲት ልጅ የእህቴን ንግግር ስትናገር ሰማሁ።

ልጅቷ ኢንግሪድ የምትባል ኖርዌጃዊት ናት። ወደ ክፍላችን የመጣችው ዘንድሮ ነው። ተራዋ ደርሶ ፊታችን ቆማ፣ የዛሬ ሦስት መቶ ምናምን ዓመት ስለነበረች አንዲት እንግሊዛዊት ደራሲ ታወራለች። ስሟን ብነግራችሁም አታውቋትም፤ የኢንግሪድም ክርክር እሱ ነው። መማሪያ መጽሐፋችን «የልብወለድ አባት» እያለ የሚያሞግሰው ሰውዬ ገና ብዕር ሳያነሳ፣ ይቺ ሴት ልብወለድ ጽፋ፣ ሸጣ፣ በዚያው እንጀራዋን በልታ አልፋለች።

«መጽሐፉ ግን አንዲት መስመር ነው የሰጣት። እሷንም ገጹ ግርጌ ላይ» አለች ኢንግሪድ። ከዚያ ፈገግ ብላ... «ሰውየው ሊቀመጥ ሲመጣ ወንበሩ ሞቆ ነው የጠበቀው።»

ክፍሉ ሳቀ። የእኔ ጆሮ ጋለ። ይቺን ነገር የምትለው ሜሮን ናት፣ ታላቅ እህቴ። እራት ላይ፣ ሹካዋን እያወዛወዘች።

ሜሮን ከፋሲካ በፊት በድንገት ታማ ሞተችብን።

ከክፍል ስንወጣ ተከተልኳት። «ያቺን የወንበሯን ነገር ከየት አመጣሻት?»

«ላምበርትሴተር ቤተ መጻሕፍት፣ ሌክሰየልፕ ላይ፣ የቤት ሥራ እገዛው ላይ፣ የምታስጠናኝ ልጅ ነበረች። ሜሮን የምትባል። ማንበብ ያስወደደችኝ እሷ ናት።» ፊቴን ትኩር ብላ አየችው። «ቆይ... የአባት ስማችሁ አንድ ነው። ወንድሟ ነህ እንዴ?»

«ያ... አዎ» አልኩ።

«ደህና ናት? በርገን ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ጠፋችብኝ። መልእክት ብልክም አትመልስም... ትምህርት በዝቶባት ነው አይደል?»

እዚህ ጋ የተሰማኝን ልንገራችሁ። ሐዘን አይደለም፣ ቅናት ነው። ለእኛ ብቻ የምታወራ የመሰለኝን ለካ ለሌላም ሰው ታወራው ነበር። እሱስ ይሁን። የባሰው ሌላ ነው... ለኢንግሪድ፣ ሜሮን አሁንም በርገን ናት። የሆነ ካፌ ቁጭ ብላ ታነባለች። ስልኳን ማየት ረስታ ነው እንጂ፣ አለች።

«ደህና ናት» ብያት ሄድኩ። መርዶ ኮሪደር ላይ፣ ጃኬት እየለበሱ አይነገርማ።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። የምታጥፈውን ልብስ አስቀመጠች።

«አልነገርካትም አይደል?»

«ኔይ፣ አልነገርኳትም።»

«ጎበዝ። መርዶ በልጅ አፍ አይነገርም። ብቻዋን ሰምታ ብትወድቅስ? ቤታቸው የት ነው?»

«ፕሪንስዳል። ግን እማዬ፣ እዚህ አገር እኮ ሳይቀጣጠሩ ሰው ቤት...»

«አንተ ልጅ፣ ዝም በል!»

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ፕሪንስዳል አንድ ቢጫ ቤት በር ላይ ቆመናል። እማዬ፣ ኤርትራዊቷ ጎረቤታችን አደይ ለተብርሃንና እኔ። ሁለቱም ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው። ደወልኩ። የኢንግሪድ አባት በፒጃማ ከፈተ። እኛን አየ፣ ነጠላውን አየ...

«ኔይ፣ ታክ!»፣ አመሰግናለሁ አልፈልግም ብሎ በሩን ዘጋው።

«እንታይ ኢሉ? ምን አለ?» አሉ አደይ ለተብርሃን።

«ሰባኪዎች መስለነው ነው።»

«ሰባኪ? እኔ?» አሉ። እዚያው ሐዘን ላይ ቆመው ተቀየሙ።

ደግሜ ደወልኩ። አሁን ኢንግሪድ ከአባቷ ኋላ ብቅ አለች። እማዬ ስንት ዓመት የሠራችበት ኖርዌይኛ በአንዴ ጠፋባት። «ልጄ... ልጄ...» ብቻ። ስለዚህ መርዶው ዞሮ ዞሮ በእኔ አፍ ወጣ። «እህቴ ሞታለች» ስል የመጀመሪያዬ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሁልጊዜ ትልልቆቹ ነበሩ የሚናገሩልኝ።

አደይ ለተብርሃን ባይይዟት ኢንግሪድ ወድቃ ነበር። አባትየው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። «ይሄን ልትነግሯት ነው... እዚህ ድረስ የመጣችሁት?» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እሁድ ደግሞ እነሱ ቤታችን መጡ፣ ቀረፋ ዳቦ ጋግረው። ሳሎናችን ውስጥ፣ እማዬ ጎን ያለችው ወንበር ከለቅሶው ቀን ጀምሮ የእኔ ናት። ማንም አይቀመጥባትም። እማዬ ኢንግሪድን እጇን ይዛ አስገባቻትና ወደ እኔ ዞረች።

«ተነስ፣ ቦታ ልቀቅላት።»

ተነሳሁ። ኢንግሪድ ተቀመጠች። ከዚያ ሜሮን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የምትለውን፣ የምታደርገውን ለእማዬ ትነግራት ጀመር... እኔ አንዱንም አላውቀውም። እማዬ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። ልጅቷን አቅፋ ሳቀች።

እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ግን የሆነ መጽሐፍ ላይ፣ ግርጌም ቢሆን ይጻፍልኝ... ኢንግሪድ ልትቀመጥ ስትመጣ ወንበሩ ሞቆ ነው የጠበቃት።